ፋርማሲ ትምህርት ቤት ምን ያስተምሯችኋል?

ይህን ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ከታካሚ ይመጣል፤ አልፎ አልፎም ከሐኪም። «የሚያዘው ዶክተሩ፣ የሚያመርተው ፋብሪካው። ታዲያ አንቺ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ከመደርደሪያ ማንሳት ነው?» ቀልድ ነው። ግን ግማሹ የምር ነው።

ሆስፒታል ውስጥ የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። በየዓመቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለአታችመንት (ለሥራ ላይ ልምምድ) ይላኩልኛል። ትምህርት ቤቱን በተማሪነት አይቼዋለሁ፤ አሁን ደግሞ በሚልክልኝ ልጆች በኩል አየዋለሁ። ሰሞኑን የእህቴ ልጅ «ፋርማሲ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከረመች። በስልክ ቆርጬ ቆርጬ የመለስኩላትን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጥሩ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የሚያወጣው ማዘዣ ማስቆም የሚችል ሰው ነው። ማዘዣ አንብቦ መስጠትን ማንም በጥቂት ወራት ይለምደዋል። ማዘዣውን ይዞ «ይሄ ለዚህች ሴትዮ አይሆንም» ማለት፣ ለምን እንደማይሆን ማስረዳት፣ በምትኩ የሚሻለውን መናገር ግን ዓመታት ይፈልጋል። ትምህርቱ ሁሉ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ችግሩ ተማሪው መንገዱ ላይ እያለ ይሄ አይታየውም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የኬሚስትሪ ናቸው። ኦርጋኒክ፣ ፊዚካል፣ አናሊቲካል፣ ከዚያ ሜዲሲናል፣ የመድኃኒቶቹ ኬሚስትሪ። የሞለኪዩል ቀለበት ስትስሉ ታመሻላችሁ፤ ኤሌክትሮን ከዚህ ወደዚያ ስትገፉ ታድራላችሁ። «ይሄ ለታካሚ ምን ይሠራለታል?» የማይል ተማሪ የለም። እኔም ብያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ሥራ ከጀመርኩ በኋላ፣ መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ቆሜ ነው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ እንውሰድ። ሞለኪዩሉ ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ የኦክስጅን አተሞች አሉት። ካልሲየም፣ ብረት፣ ማግኒዚየም ወይም አሉሚኒየም አጠገቡ ሲመጣ በእነሱ በኩል ጨብጦ ይይዘዋል። ተያይዘው አንጀት ውስጥ ይቀራሉ፤ ወደ ደም የሚገባው መድኃኒት ያንሳል፤ ኢንፌክሽኑም አይለቅም። ይሄ ሁሉ ኬሚስትሪ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ይሆናል፦ «በወተት እንዳይውጡት። የብረት ክኒን ወይም የጨጓራ ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ይሄኛውን ሁለት ሰዓት ቀድመው፣ ወይም ስድስት ሰዓት ቆይተው ይውሰዱ።» ይህን ከወረቀት ሸምድዶ የሚናገር ሰው ታካሚው «ለምን?» ሲለው ይደናገራል። ኬሚስትሪው የገባው ሰው ግን ያልተጻፈውንም ይገምታል። አዲስ መድኃኒት ሲመጣ ቅርጹን አይቶ «ይሄም ከካልሲየም ጋር ሳይጣላ አይቀርም» ይላል።

ሌላም አለ፤ ከዚህ የሚከብድ። ሴፍትሪያክሶን በየሆስፒታሉ በብዛት የሚወጋ መድኃኒት ነው። ከካልሲየም ጋር በደም ሥር ውስጥ ሲገናኝ ይረጋል፤ ጠጣር ነገር ይሆናል። ጨቅላ ሕፃናት ላይ ሞት አስከትሏል። ስለዚህ ዕድሜው እስከ 28 ቀን የሆነ ሕፃን ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ በደም ሥሩ የሚሰጠው ከሆነ ሴፍትሪያክሶን ክልክል ነው። አንደኛ ዓመት ላይ ሁለት ንጹህ ፈሳሾች ሲቀላቀሉ ነጭ ነገር ሲዘቅጥ በመስታወት ቱቦ አይታችሁ ነበር። ያኔ ሪፖርት ጽፋችሁ፣ ማርክ ተቀብላችሁ ረሳችሁት። ቱቦው የሕፃን ደም ሥር ሲሆን ነው የሚገባችሁ።

ከኬሚስትሪው ቀጥሎ ፋርማሱቲክስ ይመጣል። መድኃኒቱ እንዴት ክኒን ይሆናል፣ እንዴት ሽሮፕ ይሆናል፣ በምን ይሟሟል፣ ስንት ጊዜ ይቆያል። ሙቀጫና ዘነዘና የሚያዘው እዚህ ነው። ቅባት ስትለውሱ፣ ዱቄት እኩል ስትከፍሉ ትውላላችሁ። ብዙዎች አሰልቺ ነው ይላሉ። እኔ ግን ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው ሁሉ ያለ ስስት የምሟገትለት ለዚህኛው ነው። ምክንያቴ አንድ ታሪክ ነው። ይሄን ታሪክ ሳይሰማ የሚመረቅ ፋርማሲስት ሊኖር አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላማይድ የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ነበር። በክኒንና በዱቄት ይሸጣል፤ ይሠራልም። ሰዎች በፈሳሽ ፈለጉት። መድኃኒቱ በውኃ እንደልብ አይሟሟም። አምራቹ ጋ ያለው ኬሚስት ዳይኢትሊን ግላይኮል ውስጥ እንደሚሟሟ አገኘ። ጣዕሙ ተፈተሸ፣ መልኩ ተፈተሸ፣ ሽታው ተፈተሸ። መርዝ መሆን አለመሆኑን ግን ማንም አልፈተሸም፤ ሕጉም አያስገድድም ነበር። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም በርካታዎቹ ልጆች ነበሩ። ኩላሊታቸው ቆመ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1938፣ አንድ መድኃኒት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደኅንነቱ መታየት አለበት የሚል ሕግ ወጣ።

የድሮ ነገር ይመስላል። አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ጋምቢያ ውስጥ ከስልሳ በላይ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል የተገኘባቸውን የሕፃናት ሽሮፖች አስመልክቶ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ያው ኬሚካል፣ 85 ዓመት ቆይቶ። ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ለሽሮፕ የሚያገለግሉ ማሟሚያዎች ናቸው፤ ዳይኢትሊን ግላይኮል በዓይን ሲያዩት እነሱን ይመስላል፤ ዋጋውም ይረክሳል። ልዩነቱን የሚያወጣው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። እና «አናሊቲካል ኬሚስትሪ ለምን እንማራለን?» የሚለኝ ተማሪ ይህን ካወራሁለት በኋላ ዝም ይላል።

(ሁሉም ተማሪ ሆስፒታል አይገባም፤ ይሄም ይረሳል። ፋብሪካ የሚገባ አለ፣ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የሚገባ አለ። ክኒኑ በስንት ደቂቃ ይሟሟል የሚለውን የሚለካው፣ አዲስ ምርት በ40 ዲግሪ ሴልሺየስና በ75 በመቶ እርጥበት ለስድስት ወር አስቀምጦ መበላሸት አለመበላሸቱን የሚያየው እሱ ነው። ታካሚ ፊት አይቆምም። ማስቆም ግን እሱም ያስቆማል፤ አንድ ማዘዣ ሳይሆን አንድ ሙሉ ባች፣ በአንድ ዙር የተመረተውን ሁሉ።)

ስለ ፋርማኮሎጂ ብዙ አልልም። ሁሉም የሚያወራው ስለ እሱ ነው፤ ሁሉም የሚወደውም እሱን ነው። ተማሪዎቼ ሲመጡ የመድኃኒቱን አሠራር እንደ ውዳሴ ያወርዱታል። የሚጎድላቸው ሌላ ቦታ ነው። ፋርማኮኪኔቲክስ ላይ ነው። መድኃኒት ወደ ሰውነት እንዴት ይገባል፣ የት ይሄዳል፣ በምን ፍጥነት ይወጣል? ይሄ ኮርስ በየትምህርት ቤቱ ልጆችን የሚያስለቅስ ነው፤ ሒሳብ ስላለበት።

ፌኒቶይንን ብቻ ልጥቀስ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ብዙ መድኃኒቶች ዶዛቸው (የሚሰጠው መጠን) በእጥፍ ሲጨምር ደም ውስጥ ያለው መጠንም በእጥፍ ይጨምራል። ፌኒቶይን እንዲህ አይደለም። ጉበት ውስጥ የሚያብላላው ኢንዛይም ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ጭማሪ ደሙን ያጥለቀልቀዋል። በቀን 300 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው አልተሻለውም ተብሎ ወደ 400 ከፍ ሲደረግለት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ዓይኑ እየተርገበገበ፣ እግሩ እየተንገዳገደ ሊመጣ ይችላል። ቤተሰብ «በሽታው ባሰበት» ይላል። ይሄ ያልገባው ባለሙያም እንዲሁ ይላል፤ ይባስ ብሎም ዶዙን ይጨምርለታል።

ወደ ስሌት ልምጣ። ስሌት የምለው ከባዱን ሒሳብ አይደለም። ማባዛትና ማካፈል ነው። በሌሎች ኮርሶች 90 ከ100 ማምጣት ያስመሰግናል። የዶዝ ስሌት ላይ ግን ዘጠና ማለት ከአሥር ታካሚ አንዱ ላይ ተሳሳትኩ ማለት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የስሌት ፈተናን ለብቻው አውጥተው የማለፊያ ነጥቡን ከፍ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ተማሪው ይማረራል። ይማረር።

አንድ ፐርሰንት ስንት ነው? በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ግራም፤ ማለትም በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም። ይህን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በመሐል ሥራ፣ ስልክ እየጮኸ፣ ነርሷ ቆማ እየጠበቀች «የሁለት ፐርሰንት ሊዶካይን አምስት ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም ነው?» ስለው ግን ወረቀት ይፈልጋል። መቶ ነው። አድሬናሊን ደግሞ አለ። «አንድ ለሺህ» ማለት በሚሊ ሊትር አንድ ሚሊግራም፤ «አንድ ለአሥር ሺህ» ማለት 0.1 ሚሊግራም። በጥድፊያ ሰዓት አንዱን በሌላው ቦታ ያነሳ ሰው አሥር እጥፍ ሰጠ ማለት ነው፤ ወይም አንድ አሥረኛውን። ይሄ አጻጻፍ አሳሳች መሆኑ ታውቆ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ከእነዚህ ብልቃጦች ላይ ወጥቷል።

ነጥብና ዜሮም እዚሁ ነው የሚነሱት። ከነጥብ በፊት ዜሮ ይጻፋል፤ ግማሽ ሚሊግራም 0.5 ነው እንጂ .5 አይባልም። ከሙሉ ቁጥር በኋላ ደግሞ ነጥብና ዜሮ አይጨመርም፤ 1.0 ብሎ የጻፈ ሰው ነጥቡ ካልታየ አሥር ሰጠ። ለልብ የሚሰጠውን ዳይጎክሲንን የመሰለ፣ በሚያክመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ የሆነ መድኃኒት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ሜቶትሬክሴት ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚታዘዘው በሳምንት አንድ ቀን ነው። «በየቀኑ» ተብሎ ተጽፎ፣ ወይም ተነግሮ፣ ሰው ሞቷል። እኔ ጋ የሚመጣ ተማሪ የሜቶትሬክሴት ማዘዣ ሲያይ እጁ መቆም አለበት። «ቀኑ የትኛው ነው? ማክሰኞ? ዓርብ?» ብሎ ሳይጠይቅ የሚሰጥ ከሆነ ገና ነው።

አሁን ስለምወደው ክፍል ላውራ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የመለማመጃ መድኃኒት ቤት አላቸው። መደርደሪያ አለ፣ መስኮት አለ፣ ባዶ ካርቶኖች አሉ። አንዱ ተማሪ ታካሚ ይሆናል፣ ሌላው ፋርማሲስት። መጀመሪያ ሁሉም ይስቃል። ከዚያ «ታካሚው» ማልቀስ ሲጀምር፣ ወይም «አልሰማሁም፣ ድገምልኝ» ሲል፣ ወይም «ጎረቤቴ ይሄን ወስዳ ሞታለች» ሲል ሳቁ ይቆማል።

እዚያ ክፍል ውስጥ የሚታየው ነገር ይገርማል። የአስም መድኃኒት በሳንባ ውስጥ የትኛውን ተቀባይ እንደሚይዝ በደንብ የሚያስረዳ ልጅ ኢንሄለር (መድኃኒቱ በአፍ የሚሳብበትን መሣሪያ) ስትሰጡት በትክክል መሳብ አይችልም። ሳይነቀንቀው ይጫናል። ወይም ተጭኖ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚስበው። ወይም ስቦ ወዲያው ያስወጣዋል፤ ትንፋሹን አይዝም። እሱ ካልቻለ ታካሚውን ምን ብሎ ያስተምራል? ለዚህ መድኃኒት የሌለባቸው የመለማመጃ ኢንሄለሮች አሉ። ትምህርት ቤቱ እነሱ ከሌሉት ይግዛ፤ ከብዙ ማሽን ይሻላሉ።

የአሞክሳሲሊን የሕፃናት ዱቄትም እንዲሁ ነው። ውኃ ጨምሮ መነቅነቅ ነው፣ ማን ያቅተዋል ትላላችሁ። ጠርሙሱን መጀመሪያ መታ መታ አድርጎ ዱቄቱን ካላላላው ከሥሩ ይረጋል። ውኃውን በአንዴ ካፈሰሰው ያጎጉላል። እስከ ምልክቱ ካልሞላ ዶዙ ይወፍራል፤ ካለፈ ይቀጥናል። ከተበጠበጠ በኋላ ለስንት ቀን እንደሚያገለግል ካልተናገረ እናትየው ለሚቀጥለው ጉንፋን ታስቀምጠዋለች።

ካውንስሊንግ (ታካሚን ማማከር) ላይ ተማሪዎቼን የማስይዛቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ። የአሜሪካ ተወላጆችን የሚያክመው የዚያች አገር የጤና አገልግሎት ፋርማሲስቶች ያስለመዷቸው ናቸው። አንደኛ፦ ሐኪሙ መድኃኒቱ ለምን እንደሆነ ምን አሉዎት? ሁለተኛ፦ እንዴት እንዲወስዱት ነገሩዎት? ሦስተኛ፦ ከወሰዱት በኋላ ምን እንዲጠብቁ ነገሩዎት? ውበታቸው ታካሚውን ማናገራቸው ነው። ተማሪ ግን መጠየቅ ይፈራል፤ ማስተማር ይቀለዋል። ያጠናውን የጎንዮሽ ጉዳት በሙሉ አንድ ትንፋሽ ላይ ያራግፈዋል። ታካሚው «እሺ፣ እሺ» ይላል፤ ፈርቶ ይሄዳል፤ መድኃኒቱንም አይወስድም።

ይሄን የሚፈትን ፈተና አለ፤ ኦስኪ ይባላል። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። አንዱ ጋ ስህተት ያለበት ማዘዣ፣ አንዱ ጋ የተቆጣ ታካሚ፣ አንዱ ጋ በስልክ የሚያናግረው ሐኪም። ደወል ሲደወል ያልጨረሰውን ትቶ ይሄዳል። ከጽሑፍ ፈተና ይልቅ ይሄን አምናለሁ።

እና ዎርድ፣ ተኝተው የሚታከሙ ሰዎች ያሉበት ክፍል። አታችመንት ሲመጡ የመጀመሪያ ቀን ራውንድ (ሐኪሞቹ ከአልጋ አልጋ የሚያደርጉት ጉብኝት) ላይ ከኋላ ነው የሚቆሙት። ከሐኪሞች ኋላ፣ ከነርሶች ኋላ፣ ከሕክምና ተማሪዎች ኋላ። ማስታወሻ ደብተራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። እኔ የምጀምረው በኩላሊት ነው።

አንዲት የ75 ዓመት ሴት አለች እንበል። ክብደቷ 45 ኪሎ፤ ክሪያቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያስወጣው ቆሻሻ ልኬት) 1.2። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ማንንም አያስደነግጥም። አሁን ኩላሊት በደቂቃ ምን ያህል ደም እንደሚያጸዳ (ክሊራንስ የሚባለውን) የሚገምተውን የኮክክሮፍትና ጎልትን ቀመር አውጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከ140 ላይ ዕድሜዋን ቀንሱ፣ 65። በክብደቷ አባዙ፣ 2925። በ72 እና በክሪያቲኒኑ ብዜት፣ በ86.4 አካፍሉ። ሴት ስለሆነች በ0.85 አባዙ። በደቂቃ 29 ሚሊ ሊትር ገደማ ይመጣል። ይህች ሴት ኩላሊቷ ደክሟል። ለእግር ደም መርጋት ኢኖክሳፓሪን የሚባለው ፀረ ደም መርጋት መድኃኒት በኪሎ አንድ ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ታዞላት ከሆነ፣ ከ30 በታች ስለሆነች በቀን አንዴ መሆን አለበት። አለዚያ መድኃኒቱ እየተጠራቀመ ያደማታል።

ይሄን ተማሪው በአምስት ደቂቃ ያገኘዋል። ደስ ይለዋል። ወደ እኔ መጥቶ በሹክሹክታ «ልክ ነኝ አይደል?» ይላል። ልክ ነህ። «እንግዲያው እርስዎ ይንገሯቸው።» አይሆንም፣ አንተ ትነግራቸዋለህ። እዚህ ላይ ነው ቀለሙ የሚለወጠው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አብረን እንለማመዳለን። ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ ሐሳቡ። «ዶክተር፣ የአልጋ ስድስት ታካሚ ክሊራንሳቸው 29 ገደማ ነው። ኢኖክሳፓሪኑ በቀን ሁለቴ ነው የታዘዘው። በቀን አንዴ ብናደርገውስ?» በቃ። «ተሳስተዋል» የለበትም። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» የለበትም። ብዙውን ጊዜ ሐኪሙ አየት ያደርገዋል፣ ቁጥሩን ይጠይቃል፣ «አዎ፣ ቀይረው» ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ሐኪሙ ተማሪው የማያውቀውን ምክንያት ይነግረዋል፤ ያም ትምህርት ነው። አንዳንዴም ይገላመጣል። የተገላመጠ ሐኪም ፊት ደግሞ መናገርን በስላይድ ማስተማር አይቻልም።

እዚህ ላይ ቅሬታዬ ይመጣል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የሚልኩልኝ ልጆች የሚያውቁት ብዙ ነው፤ ሰው ፊት የቆሙት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። መምህራኑ ዎርድ ከረገጡ ዘመን አልፏል። ክሊኒካል ፋርማሲ (ታካሚው አጠገብ የሚሠራውን ፋርማሲ) የሚያስተምረው ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ከሐኪም ጋር የተከራከረው መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ማስታወሻው ከባች ወደ ባች ይወራረሳል፤ ከገበያ የወጣ መድኃኒት እየተጠና፣ ዛሬ በየቀኑ የሚታዘዘው ሳይነሳ ይቀራል። ተማሪው መጨረሻ ዓመት ላይ በድንገት ዎርድ ይወረወራል። ከዚያ «ዓይን አፋር ናቸው» ይባላሉ። ዓይን አፋር አይደሉም። ማንም አላለማመዳቸውም።

ስለ ዲግሪው ስምም ይጠይቁኛል። ቢ ፋርም (የመጀመሪያ ዲግሪ) ይሻላል፣ ኤም ፋርም (ማስተርስ)፣ ወይስ ፋርም ዲ (የፋርማሲ ዶክተር)? ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በጥንቱ ጊዜ ሙያው በልምምድ ነበር፤ ልጅ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ከጌታው ይማራል። ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1240 ገደማ በሲሲሊ መንግሥቱ ባወጣው ድንጋጌ ሐኪምነትንና መድኃኒት ሻጭነትን ለይቶ፣ ሐኪሙ ከመድኃኒት ቤቱ ጋር በጥቅም እንዳይሻረክ ከለከለ። ትምህርት ቤት ግን ብዙ ቆይቶ ነው የመጣው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የፋርማሲ ኮሌጅ በፊላደልፊያ በ1821 ተመሠረተ። መሥራቾቹ መድኃኒት ሻጮቹ ራሳቸው ነበሩ። ከአንድ ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ ፔልቲየርና ካቨንቱ ኪኒንን ከዛፍ ቅርፊት ለይተው አውጥተው ነበር፤ ሁለቱም የፋርማሲ ሰዎች ነበሩ፤ ፓሪስ በሚገኘው የፋርማሲ ትምህርት ቤትም አስተምረዋል። ከእነሱ በፊት ደግሞ ሰርትዩርነር የሚባል ጀርመናዊ፣ ገና የመድኃኒት ቤት ረዳት ሳለ፣ ሞርፊንን ከኦፒየም ለየ። በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ ሞከረው፤ ከመጠን በላይ ስለወሰዱ ለማስመለስ ኮምጣጤ መጠጣት ግድ ሆነባቸው። የዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ቢያየው ምን ይል ይሆን?

ይሄ ሁሉ ክብር እያለ እ.ኤ.አ. በ1915 አብርሃም ፍሌክስነር፣ የአሜሪካን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ያብጠለጠለው ሰው፣ ፋርማሲ ሙሉ ሙያ አይደለም አለ። ምክንያቱ፦ የሚያስበውና ኃላፊነቱን የሚሸከመው ሐኪሙ ነው፤ ፋርማሲስቱ ይፈጽማል። ያናድዳል። ግን ጎረቤቴ ከሚለኝ በምን ይለያል? መልስ ለመስጠት ሙያው ብዙ ጊዜ ወሰደበት። በ1950 የደቡባዊ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፋርም ዲ የሚባለውን ጀመረ። በ1990 ሄፕለርና ስትራንድ የሚባሉ ሁለት ምሁራን፣ ፋርማሲስቱ በመድኃኒቱ ለሚገኘው ውጤት ተጠያቂ መሆን አለበት ብለው ጻፉ፤ መድኃኒቱን ሰጥቶ ማሰናበት አይበቃም አሉ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፋርማሲስት ሁሉ ፋርም ዲ ነው የሚማረው፤ በመጨረሻ ላይ ቢያንስ 1,440 ሰዓት ሥራ ቦታ ላይ ያሳልፋል። ጃፓን በ2006 ትምህርቱን ከአራት ወደ ስድስት ዓመት አሳደገች። ብሪታንያ አራት ዓመት ኤም ፋርም አስተምራ አንድ ዓመት በሥራ ላይ ታሠለጥናለች፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ አዲስ ተመዝጋቢዎቿ ራሳቸው መድኃኒት ማዘዝ የሚችሉ ሆነው እንዲወጡ ሥርዓቱን ቀይራለች። ፍሌክስነር ይህን ቢሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

የዲግሪው ስም ብዙም አያስጨንቀኝም ለማለት ነው። ስድስት ዓመት ተምሮ አንድ ታካሚ ያላናገረ አለ፤ ባጭር ጊዜ ተምሮ ዎርዱን የሚያንቀሳቅስ አለ። ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይህን ነው፦ ትምህርት ቤቱን ስትጎበኚ ሕንፃውን ተዪው። ተማሪ ታካሚ የሚያናግረው ከስንተኛው ዓመት ጀምሮ ነው ብለሽ ጠይቂ። ክሊኒካል የሚያስተምሩት ሰዎች ጠዋት ጠዋት የት ናቸው ብለሽ ጠይቂ፤ ዎርድ ላይ ከሆኑ ጥሩ ነው፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑ እንጃ። የስሌት ፈተናው የሚታለፈው በስንት ነው? የመለማመጃ ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው፤ ተማሪ ከክፍል ውጭ መግባት ይችላል?

ከዚያ አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ፈልጊ፤ መምህራኑ ባሉበት አይሁን። ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ያስቀየርሽው ማዘዣ ምን ነበር በያት። መድኃኒቱን፣ ዶዙን፣ ምክንያቱን፣ ሐኪሙ ምን እንዳላት ካወራችልሽ ተመዝገቢ። «እኛ ተማሪዎች ማዘዣ ላይ አስተያየት አንሰጥም» ካለችሽ ደግሞ አታችመንት የወጡት የት እንደሆነና ማን ይከታተላቸው እንደነበር ጠይቂያት፤ ችግሩ የትምህርት ቤቱ ይሁን የሆስፒታሉ ከዚያ ይታወቃል።

ኬሚስትሪ እንደምትፈራ ነግራኛለች። እሱን በበጋው እኔ ጋ መጥታ እንድንጀምረው ተስማምተናል።